የብርድ ጉብታ

እትዬ ዝምታ ትባላለች። ስሙን ያወጣላት አፉ የማያርፍ አንድ አስታማሚ ነው። የእናቱን የልብ ምት መስመር፣ ኢሲጂ የሚሉትን፣ ልታነሳ ገብታ «ዝም ይበሉ፤ አይንቀሳቀሱ፤ እጅዎን ዘና ያድርጉት» ስትል ሰማና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮሪደሩ ባያት ቁጥር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቀጥ ይል ጀመር። እናቱ ድነው ወጡ፣ እሱም አብሯቸው ሄደ፣ ስሙ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ ቀረ። እሷም አልተቆጣችም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባለች ያደገች ሴት፣ ዝምታ ተብላ ብትጠራ ምን ይጎዳታል?

ሥራዋ የሰው ልብ ማንሳት ነው። ጎማ ባለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውን መሣሪያ እየገፋች ከአልጋ አልጋ ትዞራለች። ቀዩን ገመድ ከቀኝ እጅ፣ ቢጫውን ከግራ እጅ፣ አረንጓዴውን ከግራ እግር፣ ጥቁሩን ከቀኝ እግር ታያይዛለች፤ ደረት ላይ ደግሞ የጎድን አጥንቱን በጣቷ እየቆጠረች ተለጣፊዎቹን ትደረድራለች። ከዚያ ቁልፉን ትጫናለች፤ መሣሪያውም ሮዝ ካሬ የተሰመረበትን ወረቀት ቀስ እያለ ይተፋል። ወረቀቱ ላይ የሰውየው ልብ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ይሄዳል። ታዲያ ይህ መስመር ቅብጥብጥ ነው። ታማሚው ካወራ ይበላሻል፣ ካሳለ ይበላሻል፣ ከሳቀም ካለቀሰም ያው ነው። በርዶት ከተንቀጠቀጠማ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

እትዬ ዝምታ ዶሮ የጫረችው መስመር አንስታ ለሐኪም ሰጥታ አታውቅም። ታማሚው እስኪረጋጋ ቆማ ትጠብቃለች፤ ብርድ ልብስ ትደርባለች፤ የቀዘቀዘውን መያዣ በመዳፏ ታሞቀዋለች። ሐኪሞቹ ወረቀቱን ከሩቅ አይተው «ይሄ የእትዬ ዝምታ ነው» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ስትሰማ የዚያን ቀን ደረጃውን የምትወጣው ቀለል ብሏት ነው። ምን እንዳስከፈላት ግን ማንም አላሰበውም፤ እሷም ቢሆን ብዙ አላሰበችውም። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ጋር የዋለችው ሰው ዝም ባለበት ሰዓት ነው። የስንቱን ደረት ዳስሳለች፤ የሆድ የሆዳቸውን ሊነግሯት አፋቸውን ሲከፍቱ ግን «ቆይ፣ ትንሽ» ትላለች። ትንሹ ሲያልቅ ገመዷን ሰብስባ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች።

ከክፍሎቹ ሁሉ የምትወደው የጽኑ ሕሙማኑን ነው። ደግነት አይምሰላችሁ፤ እዚያ የሚያወራ ታማሚ ስለሌለ ነው። ደግሞም እንግዳ እንግዳው መስመር የሚገኘው እዚያ ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ልቡ እንደ ድንኳን የሾለ ጫፍ ታወጣለች። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰ ሰው፣ ልቡ ምንም ሳትሆን፣ መስመሩ ገደል ይገባል። አንድ ጊዜ ደግሞ ሆዱ ተወጥሮ፣ መሣሪያ የሚተነፍስለት ሰው መስመር ላይ ሹል ጫፍ ያለው የራስ ቁር የመሰለ ነገር ወጣ። ተረኞቹ የልብ ደም ሥር ተዘጋ ብለው ሲራወጡ የልብ ሐኪሙ መጣና «ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሙ፤ ችግሩ ያለው ሆዱ ጋ ነው» አላቸው። ልብ የራሷን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቿንም ሕመም እንደምታወራ እትዬ ዝምታ የተረዳችው ያን ቀን ነው። ገርሟት ነበር፤ ግን ገርሟት ለማን ትንገር?

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር አልጋዋ፣ ከበሩ ጀርባ ምድጃዋ። እህቷ ስትሞት ትታላት የሄደችውን ልጅ እዚያው አሳድጋለች። ልጅቱ አግብታ ሌላ ከተማ ከገባች ቆየች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «አክስቴ፣ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «ምን አዲስ ነገር አለ?» «ምንም።» ከዚያ ከወዲያኛው በኩል ሕፃን ያለቅስና ስልኩ ይዘጋል። እሷ ራሷ አላገባችም። በጉብዝናዋ ዘመን አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ጠይቋት «ቆይ፣ ትንሽ» ብላው ነበር፤ አልቆየም።

ግድግዳ የሚጋራት ጎረቤቷ በጡረታ የተገለለ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሞተር ሲጮህበት የኖረ ጆሮው ደንዝዟልና ሬዲዮውን እስከ ጥግ ከፍቶ ነው የሚሰማው። ዜናው፣ ኳሱ፣ የጤና ምክሩ፣ ሁሉም በግድግዳው አልፎ እሷ ቤት ይገባል። የዛሬ ስንት ዓመት ደረጃ ላይ አገኘችውና ሰው እየሰማ «ቤትዎ እኮ የአውቶቡስ መናኸሪያ አይደለም» አለችው። እሱም ምላሱ አያንስም፤ «ያንቺስ ቤት መቃብር ነው እንዴ?» አላት። ከዚያ ወዲህ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የላቸውም። የሚነጋገሩት በግድግዳው ብቻ ሆነ። ሬዲዮው ሲበዛባት በመጥረጊያው እጀታ ትመታለች፣ እሱ ይቀንሳል። እልሁ የተነሳበት ቀን ደግሞ መልሶ ይመታል።

አንድ ምሽት፣ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ከተማውን ይዞት ሳለ፣ እትዬ ዝምታ ከሥራ ገብታ የትናንቱን ሾርባ ቆማ ጠጣችና እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከረች። ደስ የሚል ጸጥታ ነበር፤ ሬዲዮው አልተከፈተም። ወዲያው ግድግዳው ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። እሷ ያደረገችው ነገር የለም። ድስት አልጣለች፣ ወንበር አልጎተተች። «ደግሞ ዛሬ ከመሬት ተነስቶ ነገር ሊፈልገኝ ነው» አለች ለራሷ። በእርጥብ እግሯ ተነስታ መጥረጊያውን አነሳችና መለሰችለት።

ኳ፣ ኳ አለ ግድግዳው፣ ደከም ብሎ። ያላገጠባት መሰላት። ደሟ ፈላ። ልስኑ እስኪረግፍ መታችው። አሁንም ከወዲያ በኩል መለሰላት፤ ከፊተኛው ዝቅ ያለ፣ ከግድግዳው ሥር የሚመጣ ድምፅ ነበር። እሷም አንድ ጊዜ በኃይሏ አሳረፈችበት። ከዚያ በኋላ ምንም አልተሰማም። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንዲሉ፣ ልኩን አሳየሁት ብላ፣ ውሃውን ደፍታ ተኛች። ጠዋትም ዜናው አልቀሰቀሳትም፤ እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ የተኛችበትን ጊዜ አታስታውስም።

ከቀትር በኋላ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ተደወለላት። መሣሪያዋን እየገፋች ስትደርስ ነርሷ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ቀስ ብለሽ። እንደ እንቁላል ነው የሚያዙት። ከተንገጫገጩ ልባቸው ልትቆም ትችላለች ብሏል ሐኪሙ።»

አልጋው ላይ የተኛው ሰው በሚያብረቀርቅ ጨርቅና ሙቅ አየር በሚነፋ ብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ፊቱን የኦክስጅን ጭንብል ሸፍኖታል። እትዬ ዝምታ ደግሞ የሰው ፊት የማየት ልማድ የላትም፤ የምታየው ደረት፣ እጅና እግር ነው። ቆዳውን ስትነካው እንደ ጠዋት የመስኮት መስታወት ቀዘቀዛት። ቀዩን ገመድ ልታስር ቀኝ እጁን ገለጥ አደረገች። የጣቶቹ አንጓ ተልጦና አብጦ ነበር። የወደቀ ሰው መሬት ሲመታው ይሆናል አለችና ሥራዋን ቀጠለች።

መስመሩ ወጣ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ መስመር በዕድሜዋ አላየችም። ዝግ ያለ ነው፤ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ድረስ ቃጫ ያህል እንኳ አይንቀሳቀስም። ግን ከያንዳንዱ ጫፍ ቀጥሎ፣ መስመሩ ሊወርድ ሲል፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ያለ ቦታዋ የተቀመጠች ነገር ናት። እትዬ ዝምታ ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። ገመዶቹን አየች፤ ልክ ናቸው። ተለጣፊዎቹን ነቅላ አዲስ ለጠፈች። እንደገና አነሳች፤ ጉብታዋ እንዳለች ናት። ሦስተኛ ልታነሳ ስትል የልብ ሐኪሙ ከጀርባዋ ሆኖ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደው።

«ተዪው እትዬ፣ መሣሪያሽ ምንም አልሆነ። የብርድ ጉብታ ናት።»

«ብርድ እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

«ሰው በጣም ሲቀዘቅዝ ልቡ ላይ ይህች ትወጣለች። በቀዘቀዘ ቁጥር ታድጋለች፣ ሲሞቅ ትጠፋለች። መስመሩ ይህን ያህል ንጹሕ መሆኑ ደግሞ ደስ አይበልሽ። መንቀጥቀጥ እንኳ አቅቶት ነው። ሰውነቱ ተስፋ ቆርጧል።»

«ምን ያህል ቢቆይ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ከትናንት ምሽት ጀምሮ ወለል ላይ ተኝቶ የቆየ ይመስላል። ዳሌው ተሰብሯል፣ መነሳት አልቻለም። ብቻውን ነው አሉ የሚኖረው።» ሐኪሙ ወረቀቱን አጣጠፈው። «እስኪሞቅ ድረስ እየተመላለስሽ አንሺልኝ። ጉብታዋን እያየሁ ነው የምከታተለው።»

እትዬ ዝምታ ወደ ኮሪደሩ ስትወጣ፣ የምትኖርበት ሕንጻ ጠባቂ አግዳሚው ወንበር ላይ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያያት ተነሳ።

«ውይ እትዬ፣ አንቺም ሰምተሽ ነው?»

«ምኑን?»

«ጎረቤትሽን ነዋ። ሹፌሩን። ጠዋት ሬዲዮው ደረጃው ድረስ ይሰማ የለ? ዛሬ ዝም ሲልብኝ ልቤ ፈራ። ቆይ ይነሳ ይሆናል ስል ረፈደ። ኋላ ባንኳኳ የሚከፍት የለም። በሩን ሰብረን ስንገባ ካንቺ ግድግዳ ሥር ወድቆ አገኘነው። ግድግዳውን ሲመታ ነው መሰለኝ የቆየው፣ እጁ ተላልጧል።» ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «አልሰማሽም እንዴ? ቤት አልነበርሽም?»

እትዬ ዝምታ ክው አለች። አፏ ግን ከልቧ ቀደመ።

«አልነበርኩም» አለች።

«እሱስ ነው። ብትኖሪማ ትደርሺለት ነበር» አለ ጠባቂው፣ ተመልሶም ተቀመጠ።

የቀረውን ቀን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ብታወራው ነበር የሚያምረው፤ ግን ለማንም አላወራችም። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውየውን ፊት አየች። እሱ ነው። ጢሙ አድጎ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ደረጃ ላይ ሲያልፋት አንገቱን የሚያዞረው ሰውዬ ነው። ባይነቃስ የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። ባይነቃ፣ ማን እንደመታና ማን እንደመለሰ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ሐሳቡ የራሷ መሆኑን ስታውቅ የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች። እባክህ አምላኬ አትስማኝ አለች።

ከዚያ ተመላለሰች። ነርሷ በደም ሥሩ የሞቀ ፈሳሽ ታስገባለታለች፣ ብርድ ልብሱ ሙቅ አየር ይነፋል፣ እትዬ ዝምታ ታነሳለች። ጉብታዋ እንደ መጀመሪያው ናት። እንደገና አነሳች፤ ያው ናት። ቆይታ ስታነሳ ዝቅ ያለች መሰላት፤ ወረቀቶቹን ደራርባ በመስኮቱ ብርሃን አስተያየች። እውነትም ዝቅ ብላለች። የሥራ ሰዓቷ አልቆ ባልደረባዋ «አትሄጂም?» ሲላት «አንድ ነገር ይቀረኛል» አለችው።

የመጨረሻውን ስታነሳ መስመሩ ተበላሸባት። ከላይ እስከ ታች ጭረት በጭረት ሆነ፤ ጫፉም ጉብታውም አይለይም። ዶሮ የጫረችው ማለት ይህ ነው። እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ «አይንቀሳቀሱ» ልትል ስትል ደረቱ ከእጇ በታች ሲርገፈገፍ ተሰማት። ጥርሱ ጭንብሉ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ደንግጣ ሐኪሙን ጠራችው።

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ፈገግ አለ። «ተዪው፣ ይንቀጥቀጥ። ራሱን ማሞቅ ጀመረ ማለት ነው። ዛሬ ካነሳሻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።»

ያን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና አለቀሰች። ነርሷ ደክሟት ነው ብላ ወንበር ሰጠቻት።

ቤቷ ስትገባ መብራት ሳታበራ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ልስኑ የረገፈበት ቦታ ከበሩ በሚገባው ብርሃን ይታያል። ከግድግዳው ወዲያ ማንም የለም፤ ስንት ዓመት የለመነችው ጸጥታ ይኸው መጣላት፤ ግን መቀመጥ አቃታት። ተነስታ ወለሉን ጠረገች፣ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። እኔስ ብወድቅ ማን ይጠረጥራል አለች። እኔ ቤት የሚጮህ ሬዲዮ የለ። ጠባቂው ዝምታዬን ለምዶታል፤ እሁድ የምትደውለው ልጅም ስልኩ ካልተነሳ ሥራ ገብታ ይሆናል ነው የምትለው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም።

ሰውየው ነቃ። ዳሌው ተጠግኖ ወደ ተራው ክፍል ተዛወረ። እትዬ ዝምታ ወሬውን የምትሰማው በየኮሪደሩ ነው። የሰጋችው ነገር እስኪመጣ ብትጠብቅ የመጣው ሌላ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት የዚያው ክፍል ነርስ ትከሻዋን አቀፈቻት።

«አንቺ ሴት፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ ግን? ለጠባቂው ቤት አልነበርኩም ትያለሽ፣ ሰውየው ደግሞ ሌላ ነው የሚያወሩት። ‹ግድግዳውን ስመታ ትመልስልኝ ነበር፤ ሰው አለ ብዬ ነው ነፍሴን የያዝኳት› ይላሉ። ሰላምታ መስሏት ነው፣ መውደቄን በምን ታውቃለች አሉ። ላለመመስገን ብለሽ ነው የደበቅሽው?»

ከዚያማ ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ ከርቀት እጅ ይነሷታል። ካፍቴሪያ ስትገባ ወንበር ይለቀቅላታል፤ ዘመኗን ሙሉ ብቻዋን ሻይ የጠጣችበት ጠረጴዛ በሰው ተከበበ። የሕንጻው ጠባቂ እንኳ «ዋሸሽኝ አይደል? እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ጉንጯን ሳማት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይሏታል። እሷ ሻይዋን ታማስላለች። ደስ ይላል መከበር፤ ደስ ስላላት ነው የባሰ ያመማት። ወደዚያ ክፍል መሣሪያ ይዞ የሚሄደው ባልደረባዋ እንዲሆን አደረገች፤ ጉልበቴን አሞኛል አለችው። እንዲህ እንዲህ እያለች ሰነበተች።

ሹፌሩ ሊወጣ ሲቃረብ የልብ ሐኪሙ የመጨረሻ ኢሲጂ አዘዘ። ባልደረባዋ ፈቃድ ላይ ነበር። መሣሪያዋን ይዛ ሄደች።

መስኮት አጠገብ ነው የተኛው። ጢሙን ተላጭቶ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ሲያያት ብድግ ሊል ሞከረ።

«መጣሽ» አላት።

«መጣሁ።» ገመዶቹን ፈታች። ቀዩን አንስታ እጁን ያዘች። የተላጠው አንጓ አዲስ ቆዳ አውጥቷል። ገመዱን አላሰረችውም። «ከማንሳቴ በፊት የምነግርዎ ነገር አለኝ።»

«ተናገሪ።»

«ያን ለት የመታሁት ላጽናናዎት አልነበረም። ሰላምታም አልነበረም። ዝም በሉ ማለቴ ነው። ነገር ሊፈልጉኝ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ወድቀው፣ እኔ ዝም በሉ እያልኩ ነበር። ከዚያም ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።»

ሹፌሩ ጣሪያውን አየ። ሻል ባለው ጆሮው በኩል ስለቆመች ሁሉንም ሰምቷል።

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ስትመቺብኝ ኖረሽ እንዴት አላውቀውም? መጀመሪያ ስትመልሺልኝ ሰማችኝ አልኩ፤ ደስታዬን አትጠይቂኝ። ደግሞ ስመታ አንቺም በንዴት መታሽ። ያኔ ገባኝ። ጮኼ ልጠራሽ ብል ትንፋሽ የለኝ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሰዉን ሁሉ እንደዚያ ያሉት?»

«ምን ልበል ታዲያ?» አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። «ነርሷ መጣች፣ ማን አለዎት አባባ አለችኝ። ሐኪሙ መጣ፣ ማን አለህ አለኝ። ያቺ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ መጣች፤ የሚወስድዎት ሰው ከሌለ ወደ አረጋውያን ማቆያ ነው የምንልክዎት፣ ማን አለዎት አለችኝ። አንድ ሕንጻ ሙሉ ሰው መሀል የሚኖር ሰው፣ ማንም የለኝም ማለት ከበደኝ። አፌ እምቢ አለ። አንቺ ትዝ አልሽኝ። ግድግዳ ብመታ የምትመልስልኝ ሰው አለች አልኩ። ዋሸሁ? መልሰሽልኛል እኮ። ተቆጥተሽም ቢሆን መልሰሽልኛል።»

እትዬ ዝምታ ቤት አልነበርኩም ብላ ለጠባቂው መናገሯንም ነገረችው።

«ሰምቻለሁ። አልፈረድኩብሽም» አለ። «ነገሩ ተገላብጦ አንቺ ብትወድቂ፣ ሬዲዮዬ እየጮኸ፣ እስክትሞቺ ብትመቺ እሰማሽ ነበር? አልሰማሽም። እሱን ነው እዚህ ተኝቼ ሳስብ የከረምኩት።» ከዚያ እጁን ዘረጋላት። «በይ አንሺኝ። ለሠራተኛዋም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፣ ማንም የለኝም እላታለሁ። አላስቸግርሽም።»

ገመዶቹን አያያዘች። እሱም ሳይነግሩት ዓይኑን ጨፈነ። መስመሩ ጤነኛ መስመር ነበር፤ ጉብታዋ የለችም። ወረቀቱን ገንጥላ ለሐኪሙ ማኅደር ላይ አደረገችና፣ መሣሪያዋን እዚያው አልጋው አጠገብ ትታ በኮሪደሩ ቀጥ ብላ ሄደች።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ በዕድሜ ልጅ ናት። እትዬ ዝምታን ስታያት ከወንበሯ ተነሳች።

«እርስዎ ነዎት አይደል ጎረቤታቸው? ሁላችንም እኮ ስለ እርስዎ ነው የምናወራው። እንዲህ ዓይነት ጎረቤት ዛሬ የት ይገኛል?»

«የተባለው እንደዚያ አይደለም» አለች እትዬ ዝምታ፣ እንደቆመች። «ሰምቻቸዋለሁ። ቤት ነበርኩ። ግድግዳውን ሲመቱ ዝም በሉ ብዬ መልሼ መታሁባቸው። ማንንም አልጠራሁም። በኔ ምክንያት ነው ወለል ላይ የቆዩት።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት» አለች እትዬ ዝምታ። «ደግሞ የሚወስዳቸው ሰው እኔ ነኝ። ሲወጡ ወደ ቤታቸው እወስዳቸዋለሁ። እስኪድኑ አጠገባቸው ሆኜ አያቸዋለሁ።»

«እሳቸው እንደዚያ መምታትዎን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። ካንቺ በፊት ነው የነገርኳቸው።»

«ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን…» ልጅቱ ላለማስቀየም ቃል ፈለገች። «ማለቴ፣ ሌላ ሰው ቢፈለግላቸው አይሻልም?»

«ሌላ ሰው የላቸውም» አለች እትዬ ዝምታ። መውጣት ፈልጋ ወደ በሩ ዞር ካለች በኋላ ተመልሳ ቆመች። «እኔም የለኝም።»